በለቅሶ ቤትና በቡና ላይ በሚደረግ የፖለቲካ ክርክር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ፖለቲካ ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። በለቅሶ ድንኳን፣ ከእድር ስብሰባ በኋላ፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንግሥትና ስለ ታሪክ ይከራከራሉ። በሐሳብ መለያየት ያለና የሚኖር ነው፤ የሚያሳዝነው ግን የማይነጻጸሩ ነገሮችን በማነጻጸር ብቻ ለዓመታት አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ሲቀያየሙ ማየት ነው። ስለዚህ አዘውትረው የሚሰሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ መመልከት ያስፈልጋል።

አንደኛው የብርን ቁጥር ብቻ ይዞ ዘመንን ከዘመን ማወዳደር ነው። «በደርግ ጊዜ ዶላር ሁለት ብር ነበር» የሚለው አባባል ለብዙዎች ክርክሩን የሚዘጋ ማስረጃ ይመስላቸዋል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፣ ከዚያም ወደ 5 ብር ከፍ ተደረገ። ይሁን እንጂ ያንን ዋጋ የወሰነው መንግሥት ስለነበረና በዚያ ሒሳብ ዶላር ማግኘት ለተራው ዜጋ አስቸጋሪ ስለነበረ፣ በጥቁር ገበያ የሚሸጠው ከዚያ በላይ ነበር። የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በመንግሥት የተተመነን ዋጋ በገበያ ከሚወሰን ዋጋ ጋር አስተያይቶ አንዱን ዘመን ማወደስ ሌላውን መኮነን ትክክል አይሆንም። የኑሮን ልዩነት በእርግጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ አንድ የቀን ሠራተኛ አንድ ኩንታል ጤፍ ለመግዛት ያኔ ስንት ቀን ይሠራ እንደነበር፣ ዛሬስ ስንት ቀን መሥራት እንዳለበት ይጠይቅ። ይህ ማለት የኑሮ ውድነቱ የለም ማለት አይደለም፤ በጡረታ ገንዘባቸው ወር መድረስ ያቃታቸው እናት ችግራቸውን ለማስረዳት የዶላር ዋጋ መጥቀስ አያስፈልጋቸውም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም እኩል የሚሳሳቱበት ሌላ ነገር አለ። «የዋጋ ንረት ቀነሰ» የሚል ዜና ሲነገር አንዱ ወገን ኑሮ ረከሰ ብሎ ይከራከራል፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ የሽንኩርቱን ዋጋ ያየው ሌላው ወገን ደግሞ ዜናው ፈጽሞ ውሸት ነው ይላል። ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አምና 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ በግማሽ ቀንሶ 15 በመቶ ቢሆን ዕቃው ወደ 149 ብር ከ50 ይደርሳል። ንረቱ በእርግጥ ቀንሷል፤ ዋጋው ግን ጨምሯል። ሁለቱ ተከራካሪዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተናገሩ አንዱ ሌላውን ውሸታም ይላል።

ኮሪያም ከክርክራችን አትጠፋም። «ሄደን የተዋጋንላት ያኔ ከእኛ የባሰች ደሃ ነበረች፤ ዛሬ የት ደረሰች?» ይባላል። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደዚያ መዝመቱ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ኮሪያ የመሬት ስሪቷን ማሻሻል የጀመረችው ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት ሲሆን፣ እኛ የገጠር መሬትን አዋጅ ያወጅነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ከጦርነቱ በኋላም ከአሜሪካ ያገኘችው እርዳታ እጅግ ከፍተኛ ነበር። ከዚህ የከፋው ግን አመራረጡ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከእኛ ጋር በድህነት እኩል የነበሩና ዛሬም ብዙ ያልራቁ አገሮች እያሉ፣ ከሁሉም የተሳካላትን አንዷን ብቻ ነጥሎ ማምጣት ፍርዱን አስቀድሞ ወስኖ ምስክር እንደ መፈለግ ነው። ከኮሪያ መማር የሚፈልግ ሰው ምን እንደሠራች፣ መቼ እንደሠራችውና በማን ገንዘብ እንደሠራችው ይጠይቅ።

በእኛ ከተማ ግን ከሁሉም ይልቅ ስሜት የሚነካው «ቴዎድሮስ ቢኖር ኖሮ» የሚለው ነው። የቋራው ካሳ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም መንገሣቸው፣ ጋፋት ላይ መድፍ ማሠራታቸው፣ መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ሞትን መምረጣቸው ሁሉም እውነት ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያስዘረፉት፣ አብያተ ክርስቲያናቷን ያስቃጠሉትና መጻሕፍቷን ወደ መቅደላ ያስጋዙትም እርሳቸው ናቸው። ከእነዚያ መጻሕፍት መካከል በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ ጦር ተወስደው እስካሁን ለንደን የሚገኙ አሉ። ኃይልና ቆራጥነት አገርን አንድ ያደርጋል ብሎ የሚከራከር ሰው የመጀመሪያውን ብቻ እየጠራ ሁለተኛውን ቢደብቅ፣ የራሱን ሐሳብ በንጉሡ ስም እየሸጠ ነው። ቃጠሎውን ብቻ ጠቅሶ የንጉሡን ሥራ ሁሉ የሚያጣጥለውም ያንኑ ያደርጋል። የጎንደር ሰው ሁለቱንም ከአባቶቹ የሰማ ስለሆነ፣ ታሪኩን ሙሉውን ማቅረብ ከእርሱ ይጠበቃል።

«ያኔ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄም መልስ መስሎ ይቀርባል። የእድር አባል ተነስቶ በሰፈሩ ውሃ ከጠፋ ሳምንታት እንደሆነ ሲናገር፣ ባለፈው መንግሥት ጊዜ ለምን ዝም እንዳለ ይጠየቃል። ሰውየው ያኔ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ዝምታው ግን የጎንደርን ውሃ ከሚሰጠው ከአንገረብ ግድብ ላይ አንድ አካፋ ደለል አያነሳም፣ ከተማዋም ግድቡ ከሚችለው በላይ ማደጓን አይለውጥም።

«መብራት የሚጠፋው ግድቡ ስላልሠራ ነው» የሚለው ደግሞ በአጭሩ የሚታይ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይል ያመነጫል፤ ያንን ኃይል ወደ ቤታችን የሚያደርሱት የማስተላለፊያ መስመሮች፣ ማከፋፈያ ጣቢያዎችና የሰፈሩ ትራንስፎርመር ናቸው። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሰፈሩ ቢጨልም ስለ ግድቡ የሚያስረዳን ነገር የለም። በዚያው ልክ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ማለት ግድቡ ማመንጨት የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል እንዳልሆነ፣ ቁጥሩን በኩራት የሚጠሩትም ቢያውቁት መልካም ነው።

«ካድሬ»፣ «ባንዳ»፣ «ተላላኪ» የሚሉት ስሞች ሐሳብን አይመልሱም፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሊያመጡ ስለሚችሉ ፈጽሞ ሊነገሩ አይገባም።

በመጨረሻም ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል ብሎ መቁጠር አለ። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሰዎች ጮክ ብለው ሲናገሩ አርባ ሰው ሊያዳምጥ ይችላል። ከአርባዎቹ አንዱ ሐዘንተኛውን ላለማስቀየም፣ ሌላው ሥራውን ፈርቶ፣ ነጋዴው ደንበኛ ላለማጣት፣ ወጣቱ ታላላቆቹን አክብሮ ዝም ይላል። ማግስቱን ግን ከተናጋሪዎቹ አንዱ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ለሚኖር ዘመዱ ደውሎ «የጎንደር ሰው አቋሙ ይህ ነው» ይለዋል፤ ዘመዱም ያንኑ ለሌሎች ያወራል። የሁለት ሰው ንግግር የከተማ ድምፅ ሆኖ የሚቆጠረው እንዲህ ነው፤ የሰማነውን ስናወራ ማን እንደተናገረና ስንቶቹ ዝም እንዳሉ አብረን መናገር አለብን።