ዳታው የት ሄደ? የድሮ ሶፍትዌር አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲያስቸግር

ሪስታርት አድርጋችኋል፣ አንቲቫይረሱ እንዳልከለከለው አይታችኋል፣ ሲዲው እንዳልተጫረ አረጋግጣችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ያላደረገ ሰው መጀመሪያ ያንን ያድርግ።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ድሬዳዋ ላይ ላፕቶፕ የሚቀይር ሰው በዝቷል። ከታይዋን ገበያችን አዲስ ማሽን ይገዛል፣ የድሮ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ ሱቄ ይመጣል። ሰው ኮምፒውተሩን ይቀይራል እንጂ የለመደውን ፕሮግራም አይቀይርም። አልፈርድበትም። አሥራ አምስት ዓመት ደረሰኝ የቆረጠበትን ነገር ለምን ይተወዋል?

ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ቶሎ ላሳልፋቸው።

ምልክት፦ ገና ስትከፍቱት "ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር አይሠራም" ይላል።

ፕሮግራሙ ባለ 16 ቢት ነው፤ ለዶስና ለመጀመሪያዎቹ ዊንዶውሶች የተጻፈ። 64 ቢት ዊንዶውስ እሱን አያስነሳም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 32 ቢት የሚባል የለውም። ኮምፓቲቢሊቲ ገብታችሁ "ኤክስፒ" ብትሉት፣ "95" ብትሉት ለውጥ የለም። የዶስ ፕሮግራም ከሆነ ዶስን አስመስሎ የሚያሠራውን ዶስቦክስን ጫኑ፤ የድሮ ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስነሳው ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ 32 ቢት ኤክስፒ ጫኑ። ቨርቹዋልቦክስ ከ6.1 ወዲህ የፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን ካልበራ ምንም አያስነሳም፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ የሚባለው ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። አንዳንዴ ፕሮግራሙ ራሱ 32 ቢት ሆኖ መጫኛው ብቻ 16 ቢት ይሆናል። ያኔ ፎልደሩን ከድሮው ማሽን ገልብጣችሁ ሞክሩ፤ እንዲሁ የሚነሳ አለ።

ምልክት፦ "ዲኤልኤል ጠፍቷል" ይላል።

ዲኤልኤል ፕሮግራሞች የሚጋሩት ፋይል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው ጥቅል ነው። ከማይክሮሶፍት አውርዱና ጫኑ። ዊንዶውሳችሁ 64 ቢት ቢሆንም 32 ቢት ፕሮግራም የሚፈልገው የ32 ቢቱን ጥቅል ነው። ያችን የጠፋችውን ዲኤልኤል ብቻ ከማታውቁት ድረ ገጽ አታውርዱ። አታውርዱ አልኩ! ስንቱ ላፕቶፕ በዚህ ምክንያት ቫይረስ ተሸክሞ መጥቷል።

ምልክት፦ ብዙ የድሮ ፕሮግራም የሚፈልገውን ዶትኔት 3.5 የሚባል የማይክሮሶፍት ጥቅል ይጠይቅና ሲያወርድ ይቆማል። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሹ ውስጥ አለላችሁ፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ምልክት፦ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ዳታቤዙን አላገኘሁም ይላል። የዊንዶውስ ሰርቪሶች ውስጥ ዳታቤዙን የሚያንቀሳቅሰውን፣ ፐርቫሲቭ የሚለውን ፈልጋችሁ አስነሱት፣ አነሳሱንም አውቶማቲክ አድርጉት። በኔትወርክ ከሆነ ፋየርዎሉ ላይ 3351 እና 1583 ፖርቶችን ክፈቱ።

ምልክት፦ የአማርኛው ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ምልክት ክምር ሆነ። ሰነዱ የተጻፈው በድሮ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ነው። ያንኑ ፎንት ጫኑት፣ ይስተካከላል። ፎንቱ ኖሮም ፕሮግራሙ ውስጥ ከተበላሸ አንዱ ሊያሻሽል ብሎ የዊንዶውስ ሪጅን ቅንብር ውስጥ ዩቲኤፍ 8 የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጎባታል። አንሱት።

ምልክት፦ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይረው ገመድ ቢጫ ምልክት ያሳያል። እዚህ ትንሽ ልናደድ። ገበያው ላይ ያለው ፒ.ኤል. 2303 የሚባለው ገመድ ብዙው ውስጡ ያለው ቺፕ አስመስሎ የተሠራ ወይም ከቀረ የቆየ ነው። አዲሱ ድራይቨር ይህን ያውቃል፤ አልሠራም ይላል። የድሮውን ድራይቨር ስትመልሱለት ይነሳል። ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ እንደገና ይወድቃል። እኔ አሁን ለደንበኛ ርካሹን ገመድ አልገዛም። ሳምንት ሳይቆይ ወቀሳው ወደኔ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ዋናው።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ አንድም ስህተት ሳያሳይ ይከፈታል፤ ዳታው ግን የድሮ ነው፣ ወይም ባዶ ነው።

ይሄ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ቀፊራ አካባቢ ያለ ጅምላ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ቀን በእኩለ ቀን መጣች። ድሬ በሙቀት ዘግታ የምትተኛበት ሰዓት ነው። ባጃጁን እንኳ ሳታሰናብት ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። "አቦ፣ የሁለት ዓመት ሥራዬን ውሃ በላው!" አለች። ከፈትኩት። የመጨረሻው ደረሰኝ ፕሮግራሙ የተጫነ ዕለት ለሙከራ የተቆረጠው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁለት ዓመት የለም።

"ጠዋት ማን ነካው?" አልኳት። ማንም አልነካውም አለች። ሁሌም ማንም አልነካውም። ኋላ ላይ የባለቤቱ ልጅ "ቶሎ እንዲከፍት ብሎ" ሾርትከቱን ራን አዝ አድሚኒስትሬተር፣ ማለትም በሙሉ ሥልጣን እንዲከፈት፣ እንዳደረገው ታወቀ። የጠፋ ነገር አልነበረም። ሁለቱም ዓመት ሲ ድራይቭ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ፕሮግራሞች ዳታቸውን እዚያው በተጫኑበት ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጻፍ ልማዳቸው ነበር። ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲመጣ አድሚኒስትሬተር የሆነ ዩዘር የከፈተው ፕሮግራም እንኳ ያለ ልዩ ፈቃድ እዚያ እንዳይጽፍ ተከለከለ። የድሮዎቹ ሁሉ እንዳይወድቁ ዊንዶውስ ዘዴ አበጀ። ፕሮግራሙ "ልጻፍ" ሲል "እሺ" ይለዋል። ፋይሉን ግን ወስዶ በዚያ ዩዘር የግል ፎልደር ውስጥ ቨርቹዋል ስቶር የሚባል ቦታ ያስቀምጠዋል። ሲያነብም ከዚያ ያቀርብለታል። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም። የሒሳብ ሠራተኛዋም አታውቅም። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለው ፋይል በተጫነበት ቀን እንደቆመ ይቀራል።

ስለዚህ ዳታው "የሚጠፋው" በእነዚህ መንገዶች ነው። አንድ ሰው ፕሮግራሙን በአድሚኒስትሬተር ይከፍታል፤ ያኔ ዘዴው አይሠራም፣ የሚታየው የድሮው ፋይል ነው። ወይም "ያ የሚያናድድ ጥያቄ አይምጣ" ብሎ ዩኤሲ የሚባለውን ፈቃድ ጠያቂ ከዊንዶውስ ሬጂስትሪ ጨርሶ ያጠፋል፤ ውጤቱ ያው ነው። ወይም አዲስ ዩዘር ይከፍታል፤ ቨርቹዋል ስቶር ለየዩዘሩ የተለያየ ስለሆነ አዲሱ ዩዘር ከባዶ ይጀምራል። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋው ነው፦ የፕሮግራሙን ፎልደር ብቻ "ባክአፕ" አድርጎ ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ።

ሐረር ጁገል ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ ይህ ደርሶበታል። ሠሪው የፕሮግራም ፋይልሱን ፎልደር ገልብጦ ዊንዶውስ 11 ጫነ፣ መለሰው፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በሚኒባስ ደንገጎን ሽቅብ ወጥቼ ስደርስ ባለቤቱ ዱቤውን ከትዝታው በደብተር እየጻፈ ነበር። ዕድሉ ሆኖ ሠሪው ሰነፍ ነበር፤ ፎርማት አደረግሁ ያለው በላዩ ላይ ነው የጫነው። ዊንዶውስ ኦልድ የሚለው ፎልደር አለ። እሱ ደግሞ በ10 ቀን ራሱን ያጠፋል። እኔ የደረስኩት በስምንተኛው ቀን ነው። ውስጡ የድሮው ዩዘር፣ ውስጡ ቨርቹዋል ስቶር፣ ውስጡ የዱቤው ፋይል። ሰውየው ዝም ብሎ ደብተሩን ዘጋው።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። አንድ የመድኃኒት መደብር ዳታው "ከጠፋ" በኋላ ሦስት ሳምንት በባዶው ላይ ሲመዘግብ ቆየ። ሁለት ፋይል ሆነ፤ አንዱ የድሮውን፣ አንዱ የሦስቱን ሳምንት ይዟል። አንዱን በአንዱ ላይ ብትገለብጡ አንዱን ትገድላላችሁ። በእጅ ነው ያስገባነው፣ ሁለት ምሽት ፈጀ። ዳታ የጠፋ ሲመስላችሁ እባካችሁ አዲስ ነገር አትመዝግቡ። በወረቀት ያዙት።

ፍለጋው ቀላል ነው። የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጫኑ። በሁለት የፐርሰንት ምልክት መሃል ሎካል አፕ ዳታ የሚለውን በእንግሊዝኛ አያይዛችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ቨርቹዋል ስቶር የሚል ፎልደር ታያላችሁ። ውስጡ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ውስጡ የፕሮግራማችሁ ስም። የፋይሉን ቀን ተመልከቱ፤ ትናንትን የሚያሳይ ከሆነ ተገኘ። በድሮው ዩዘር ገብታችሁ ፈልጉ እንጂ በአዲሱ አይደለም። ዘዴው እየሠራ መሆኑን ማየት ከፈለጋችሁ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴይልስ ላይ የዩኤሲ ቨርቹዋላይዜሽንን ዓምድ ጨምሩ፤ ከፕሮግራሙ ጎን "ኢኔብልድ" ይላል።

መፍትሄው አድሚኒስትሬተሩን አንስቶ ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ አይደለም። ያ ለዛሬ ያሳድራል፣ ነገ ልጁ ተመልሶ ይመጣል። ፕሮግራሙን ዝጉ፤ በኔትወርክ የከፈተው ሌላ ሰውም ካለ ይዝጋ። ሁለቱንም ፋይል፣ የፕሮግራም ፋይልሱንም የቨርቹዋል ስቶሩንም፣ ለየብቻ ቀን ጽፋችሁ ውጭ አስቀምጡ። ውጭ ስል ጥሩ ፍላሽ ላይ። 128 ጊጋ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን ፍላሽ አትመኑ፤ ብዙው ውስጡ ያን ያህል ቦታ የለውም፣ ሲሞላ ዝም ብሎ ይቀበላችኋል፣ ስትከፍቱት ግን ፋይሉ አይከፈትም። ገልብጣችሁ እዚያው ከፍላሹ ላይ ክፈቱት። ካልከፈታችሁት ባክአፕ አትበሉት።

ከዚያ ፕሮግራሙን አራግፉና እንደገና ጫኑት፤ ግን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ሳይሆን ሲ ድራይቭ ላይ በራሱ ፎልደር። እዚያ ተራ ዩዘርም መጻፍ ስለሚችል ዘዴው አያስፈልግም። የቅርቡን ዳታ ወደዚያ ገልብጡ።

ቦታ አልቀይርም የሚል ግትር ፕሮግራምም አለ። ለእሱ የፎልደሩ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ ለዩዘርስ "ሞዲፋይ" ፈቃድ ስጡ። ለዚያ ፎልደር ብቻ! ፕሮግራም ፋይልስን በሙሉ የከፈተ "ባለሙያ" አይቻለሁ። እዚህ ላይ ብዙው ሰው የሚሳሳተው ፈቃዱን ሰጥቶ፣ ፋይሉን ገልብጦ ማቆሙ ነው። ቨርቹዋል ስቶር ውስጥ ግልባጩ እስካለ ድረስ ፕሮግራሙ ቅድሚያ የሚያነበው እሱን ነው። ስለዚህ እዚያ ያለውን ፎልደር ስሙን ቀይሩት። አታጥፉት፣ ስሙን ብቻ።

በመጨረሻ ፈትኑት። ያለ አድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ አንድ የሙከራ ምዝገባ አስገቡ፣ ዝጉ። በአድሚኒስትሬተር ክፈቱ። ምዝገባው ከታየ ፋይሉ አንድ ነው ማለት ነው፣ ሥራው አልቋል። ካልታየ አንድ ደረጃ ዘላችኋል፣ ተመለሱ። የሙከራውን ምዝገባ ደግሞ ማጥፋት አትርሱ። እኔ የቀፊራው ሱቅ ላይ ረስቼው ወጥቼ፣ ከወር በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። "ሙከራ የሚባል ደንበኛ አንድ ብር አልከፈለም፤ ሰውየውን ታውቀዋለህ?"