የመሬት ጥበቃ ድጎማን ከእጅ የሚያስወጡ ስህተቶች

በአሜሪካ ገጠር ካውንቲዎች መንግሥት ለገበሬው ባለማረሱ ይከፍለዋል። ሲሰሙት የነፃ ገንዘብ ይመስላል። አይደለም፤ ውል ነው፣ ያውም ከነቅጣቱ። ብዙ የሚሰሙት ፕሮግራሞች ሁለት ናቸው። ሲአርፒ በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው የእርሻ ሕግ የተጀመረ ነው፤ በቀላሉ የሚሸረሸር መሬትን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሣር ወይም በዛፍ ሸፍኖ ለሚያቆይ ዓመታዊ ኪራይ ይከፍላል። ኢኪፕ ደግሞ እርሻው ሳይቆም ለሚሠራ እርከን፣ አጥር ወይም የከብት ውሃ ማጠጫ ወጪ ይጋራል።

ውሉ ሳይጸድቅ መቆፈር

ከሁሉም የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ገበሬው ለኢኪፕ ያመለክታል። ባለሙያው መጥቶ መሬቱን ያያል፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ይሄዳል። ኤክስካቫተር በርካሽ ተገኝቷል፣ ዝናቡም አባርቷል። በቃ፣ ሰውየው ይጀምራል። ገንዘቡም እዚያው ላይ ይቀራል። ውሉ ከመጽደቁ በፊት ለተጀመረ ሥራ አይከፈልም፤ እርከኑ የቱንም ያህል ቢያምር። መቸኮል ግድ ከሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። በቃል የተባለ «ችግር የለውም» ግን ፕሮግራሙን በሚያስተዳድረው የመንግሥት ግብርና ቢሮ ውስጥ አይሠራም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። በተለመደው አሠራር ክፍያው የሚመጣው ሥራው አልቆ፣ በመስፈርቱ መሠረት መሠራቱ ከታየ በኋላ ነው። እስከዚያ ወጪው ከኪስ ነው። ሆኖም ግብርና ከጀመሩ 10 ዓመት ያልሞላቸውና ሌሎች ቅድሚያ የሚሰጣቸው ገበሬዎች ለዕቃና ለሥራ መግዣ ቢያንስ ግማሹን ቀድመው መውሰድ ይችላሉ። መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ዓይን አፋርነት እዚህ ላይ ያከስራል።

ሣሩን ያለወሩ ማጨድ

ሲአርፒ ውስጥ የገባ ማሳ ከመንገድ ሲያዩት የተተወ ይመስላል። ባለቤቱ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ጁን ላይ ማጨጃውን ያወጣና ሙልጭ ያደርገዋል። ያ ወቅት ግን መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች እንቁላል የሚታቀፉበት ነው። ካንሳስ ውስጥ ከአፕሪል 15 እስከ ጁላይ 15፣ አይዋ ውስጥ ደግሞ ከሜይ 15 እስከ ኦገስት 1 ማሳው አይነካም። እሾኻማ አረም ከበቀለ ቢሮው ሲፈቅድ ያቺን ቦታ ብቻ ማከም ይቻላል። ያለፈቃድ አጭዶ ድርቆሽ መሸጥማ ውል ማፍረስ ነው።

መሬቱን ሸጦ ውሉን መርሳት

በሲአርፒ ያለ መሬት ሲሸጥ ውሉ በራሱ ወደ ገዢው አይዞርም። ገዢው በ60 ቀን ውስጥ ውሉን በስሙ ካልተረከበ ሻጩ እስካሁን የወሰደውን ሁሉ ከነወለዱ ሊመልስ ነው። ስምንት ዓመት የተበላ ኪራይ ያስቡት። ስለዚህ ጉዳዩ በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

አንዱን መሬት አክብሮ ሌላውን መጣስ

እነዚህን ክፍያዎች ለማግኘት የሚፈረመውን ኤዲ-1026 የሚባል ፎርም ብዙ ሰው ሳያነብ ይፈርመዋል። ፈራሚው በቀላሉ የሚሸረሸር መሬትን ያለጥበቃ ዕቅድ ላለማረስ፣ ረግረጋማ ቦታንም ለእርሻ ብሎ ላለማድረቅ ቃል ይገባል። ቃሉ ድርሻ ያለውን መሬት በሙሉ ይመለከታል። ጥፋቱ ሌላ ካውንቲ ቢፈጸምም እዚህ ያለውን ክፍያ ሊያስቀር ይችላል።

ታክስ የለውም ብሎ ማሰብ

አለው። በዓመቱ መጨረሻ መንግሥት የከፈለውን ገንዘብ የሚያሳይ 1099-ጂ የሚባል የታክስ ፎርም ይመጣል። የሲአርፒ ኪራይ በአብዛኛው የግል ሥራ ታክስም (ለራሱ የሚሠራ ሰው ከገቢ ግብር በተጨማሪ የሚከፍለው) ይከፈልበታል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ወይም የአካል ጉዳት ክፍያ የሚያገኙ ግን ከዚህኛው ነፃ ናቸው። ታክስ የሚሠራልዎ ሰው የእርሻ ደንበኛ ከሌለው ይህን ልዩነት ላያውቀው ይችላል፤ ፎርሙን ሲሰጡት አብረው ይንገሩት።