ንፋሱ ሳይረግብ ወደ ቤት አትሂዱ፦ የጥንት አውሮፕላኖችን ትርኢት በወጉ ለማየት

ይህን የምጽፈው ለንደንና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ ወይም በሰመር ዘመድ ልትጠይቁ ብቅ ለምትሉ ነው። ከለንደን በስተሰሜን ቤድፎርድሻየር ውስጥ ኦልድ ዋርደን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ ሹትልወርዝ ኮሌክሽን የሚባል ሙዚየም አለ። ሙዚየም ስላልኩ በገመድ ታጥሮ አቧራ የሚጠጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። አውሮፕላኖቹ ይበራሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠሩ አውሮፕላኖች ሣር ላይ ተንደርድረው ሲነሱ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ደጋግሜ ሄጃለሁ። ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሰዓቱ ላይ። በረራው ሊጀመር ሲል ይመጣል፤ ስፒትፋየሩ፣ ማለትም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ ተዋጊ አውሮፕላን፣ እንዳረፈ ትራፊክ ሳይበዛ ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያደረገ ሰው መሃሉን ብቻ አይቶ ሄደ ማለት ነው። ምርጡ ነገር ያለው ጠዋት ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆያ) ውስጥና ማታ ንፋሱ ሲሞት ነው። ስለዚህ ሙሉ ቀን ያዙ። ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ሌላ ጊዜ ሂዱ።

መጀመሪያ ስለ ጉዞው። ትርኢቶቹ የሚካሄዱት በአብዛኛው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ነው፤ አንዳንዶቹ የቀን፣ አንዳንዶቹ የማታ ናቸው። የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ የማታውን ምረጡ፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ትኬት ቀድማችሁ ኦንላይን ቁረጡ። መኪና ከሌላችሁ ከለንደን ቢግልስዌድ ድረስ በባቡር ትሄዳላችሁ፤ ከጣቢያው እስከ ሜዳው ግን በእግር የሚያዛልቅ አይደለም፣ ታክሲ ያስፈልጋል። የመመለሻውን ታክሲ ጠዋት ላይ ቅጠሩ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ማታ አገኛለሁ ብዬ ተማምኜ ሁሉም ሰው ወጥቶ ሲያልቅ እኔና አባቴ በጨለማ የገጠር መንገድ ዳር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመናል። አባቴ ምንም አላለኝም። እኔ ግን ያንን ብርድ አልረሳውም።

ስለ ብርድ ካነሳን፣ ጁላይም ቢሆን ጃኬት ያዙ። ሜዳው ገላጣ ነው፤ ቀን ያቃጥላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበርዳል። ታጣፊ ወንበር፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የዝናብ ልብስ ያዙ። ምግብ ይሸጣል፣ ሰልፉ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ረጅም ነው። እኛ ሁልጊዜ ከቤት ቋጥረን ነው የምንሄደው። በተለይ ኦገስት ውስጥ ፍልሰታ ስለሚገባ ለጾመኛ የሚሆን ነገር እዚያ አገኛለሁ ብላችሁ አትመኑ። ሽሮ ፍትፍትም ሆነ ሱፍ ፍትፍት በሳህን ከድናችሁ ያዙ፤ ቡና በፔርሙዝ። ሣሩ ላይ አንጥፎ መብላት ራሱ የቀኑ ደስታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እንደደረሳችሁ ወደ አጥሩ ሄዳችሁ ቦታ ለመያዝ አትሽቀዳደሙ። ሃንጋሮቹ ውስጥ ግቡ። ጠዋት አውሮፕላኖቹ እየተገፉ የሚወጡበት፣ ሜካኒኮቹ ሞተር ከፍተው የሚያዩበት ሰዓት ነው። ከአውሮፕላኖቹ አጠገብ ከሚቆሙት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ማውራት ይወዳሉ። «ይህ አውሮፕላን ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ እሱ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። «ይህን ስታስነሱ የሚያስቸግራችሁ ምኑ ነው?» በሏቸው። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ ይሄዳል። ወደ ቆሙት አውሮፕላኖች ጠጋ ብሎ መሄድ ይፈቀድ እንደሆነም በሩ ላይ ጠይቁ፤ አንዳንድ ቀን በረራው ከመጀመሩ በፊት በመስመር አስገብተው ያሳያሉ። ካሳዩ እንዳያመልጣችሁ።

የስብስቡን መሥራች ማወቅም ይጠቅማል። ሪቻርድ ሹትልወርዝ የሀብታም ልጅ ነበር። በመኪና እሽቅድምድምም የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የዶኒንግተን ግራንድ ፕሪን አሸንፏል። ሌላው ሰው አሮጌ አውሮፕላን ብሎ የሚጥለውን እሱ ይሰበስብ ነበር። በ1940 የአየር ኃይል አብራሪ ሆኖ በሌሊት ልምምድ ላይ ሞተ፣ ገና 31 ዓመቱ ነበር። እናቱ ዶሮቲ የቤተሰቡን ርስት በልጃቸው መታሰቢያነት አቋቋሙት። ይህን አውቃችሁ ስትገቡ ሃንጋሩ ሌላ ይመስላችኋል።

ሃንጋር ውስጥ አንዲት ትንሽ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ፈልጉ፤ ደ ሃቪላንድ ሞዝ ትባላለች። ሪቻርድ በ1932 የገዛት ናት። ለእኛ ሰው ይህች ሞዝ ታሪክ አላት። የዚሁ ዘር ሞዝ እ.ኤ.አ. በ1930 አዲስ አበባ ውስጥ ነበረች፤ የተፈሪ መኮንን ነበረች፣ ዘውድ ሊጭኑ ጥቂት ሲቀራቸው ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አብራሪ ሂዩበርት ጁሊያን ይዟት ተነሳና ከሰከሳት። ግላዲያተር የሚባለውን ተዋጊ አውሮፕላንም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ጣሊያንን ከምሥራቅ አፍሪካ ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች የተዋጉት በግላዲያተር ጭምር ነው። አባቴ ይህን ስነግረው ክንፉን ለረጅም ጊዜ አየው። «በዚህ ጨርቅ?» አለኝ።

አዎ፣ በዚህ ጨርቅ።

ቀጥሎ የምነግራችሁን ግን በምንም አትለፉት። የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ሲነሱ አጥሩ ጋ፣ ሞተር የሚያስነሱበት ቦታ ፊት ለፊት ቁሙ። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሞተሮች ሮታሪ ይባላሉ። በእኛ መኪና ሞተሩ ቆሞ ዘንጉ ነው የሚዞረው። በእነዚህ ተቃራኒ ነው። ዘንጉ ከአውሮፕላኑ ጋር ታስሮ ይቆማል፣ ሲሊንደሮቹ ሁሉ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው ይሽከረከራሉ። ሙሉ ሞተሩ ይዞራል ማለት ነው። እንደ መኪና ነዳጅ ቀነስ ጨመር ማድረግ አይመችም፣ ስለዚህ አብራሪው ለማረፍ ሲቀርብ እሳቱን በአንዲት ቁልፍ ያጠፋዋል፣ ይለቀዋል፣ ያጠፋዋል። ብርርር፣ ዝም፣ ብርርር፣ ዝም። ይህን ድምፅ ስትሰሙ ሞተሩ የተበላሸ ይመስላችኋል። አልተበላሸም፣ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ዘይቱ ደግሞ ጉሎ ነው። እውነተኛ የጉሎ ዘይት። ከነዳጁ ጋር ስለማይዋሃድ ለእነዚህ ሞተሮች ይስማማል፣ ግን ተመልሶ አይገባም፤ እየተቃጠለም እየተረጨም ወደ ውጭ ይወጣል። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ ታያላችሁ። ቀጥሎ ሽታው ይመጣል። አባቴ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ጭሱ ሲደርሰን አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሳበውና «ምጣድ!» አለ። አያቴ ምጣድ የሚያስሱት በጉሎ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ የሣር ሜዳ ላይ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከተሠራ አውሮፕላን የእናቱ ማድ ቤት ሸተተው። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ የምወስደውን ሰው ሁሉ ከንፋሱ በታች አቆመዋለሁ። እናንተም ጭሱ ወደሚሄድበት በኩል ቁሙ። ልብሳችሁ ትንሽ ይሸት ይሆናል፤ ይሽተት።

ሃክስ ስታርተር የሚሉትንም ተመልከቱ። በአሮጌ ፎርድ ላይ የተገጠመ ረጅም ዘንግ ነው፤ መኪናው ይቀርብና ዘንጉን ከፕሮፔለሩ አፍንጫ ጋር አገናኝቶ ያሽከረክረዋል። በእጅ ማስነሳት ለሚከብዱ ሞተሮች የተሠራ መላ ነው። ልጆች ከበረራው ይልቅ ይህን ነው የሚያስታውሱት።

ፎቶ ለምታነሱ አንድ ነገር። ካሜራችሁን ለጀት በምታዘጋጁበት ፍጥነት ካነሳችሁ ፕሮፔለሩ ቆሞ ይወጣል፣ አውሮፕላኑ በክር የተንጠለጠለ አሻንጉሊት ይመስላል። ከ1/250 ሰከንድ ጀምሩና ወደ 1/125 ውረዱ፤ ለሮታሪዎቹ ከዚያም በታች። ብዙው ይደበዝዛል፣ ከሃምሳ አንዱ ግን ይወጣል። ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል ከወገባችሁ እየዞራችሁ ተከተሉት። የኦልድ ዋርደን ጥሩነቱ የተመልካቹ መስመር ቀጥ ያለ ሳይሆን መታጠፊያ ያለው መሆኑ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ዙሪያውን ወደ ጎን ዘንበል ብለው ሲያልፉ ሆዳቸውን ብቻ ሳይሆን ጀርባቸውንም ታያላችሁ። ወደ መታጠፊያው ጠጋ በሉ። በስልክ ለምታነሱ፣ ፎቶውን ተዉትና ቪዲዮ ቅረጹ፤ የሚቀረው ድምፁ ነው። ድሮን እንዳታስቡት።

ልጅ ላላችሁ፣ የጆሮ መከላከያ ያዙ። አብዛኞቹ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ ትላልቆቹ ሞተሮች ሲነሱ ግን ሕፃን ይደነግጣል። አንዱ ወላጅ አውሮፕላን ካልሳበው ግቢው ውስጥ ስዊስ ጋርደን የሚባል የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአትክልት ቦታ አለ፤ ተራ በተራ ልጅ መያዝ ይቻላል።

አጥር ውጭ ቆሞ በነፃ ማየት የሚፈልግ አለ። እባካችሁ ተዉት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 2015 ሾረም በተባለው ትርኢት ላይ አንድ ሃንተር ጀት አየር ማረፊያው አጠገብ ያለው አውራ ጎዳና ላይ ወድቆ 11 ሰዎች ሞተዋል። ከሞቱት ውስጥ ትርኢቱን ከፍለው የገቡ አልነበሩም፤ ሁሉም ከአጥሩ ውጭ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር ደንቡ ጠብቋል፣ አውሮፕላኖቹም ከሕዝቡ ራቅ እንዲሉ ተደርጓል። «ድሮ እዚህ ራሳችን ላይ ነበር የሚያልፉት» ብሎ የሚያማርር ሰው አጠገባችሁ ቢቀመጥ ምክንያቱን ታውቃላችሁ። እኔ ራቅ ማለቱን እደግፋለሁ። ባይኖኩላር ያዙ፣ ባለ 8 ማጉያ ይበቃል።

የሚያናድድ ነገር ካጋጠማችሁ ደግሞ ጻፉላቸው። ሌላ ቦታ በሄድኩበት አንድ ትርኢት ላይ ድምፅ ማጉያው እኛ ጋ አይደርስም ነበር፤ ምን እየበረረ እንደሆነ ሳናውቅ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። የሴቶች መጸዳጃ ሰልፍ ደግሞ ግማሽ ፕሮግራም ያስመልጥ ነበር። «ጥሩ አልነበረም» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። «በስተግራ ጫፍ፣ ከምግቡ ድንኳን በኋላ ድምፅ አይሰማም» ብላችሁ ቦታውን ጻፉ። እንዲህ ያለው የሚስተካከል ነገር ነው፣ የሚጽፍላቸው ሰው ግን ጥቂት ነው። የወደዳችሁትንም ጻፉ፤ በተለይ ያናገሯችሁን በጎ ፈቃደኞች አመስግኑ።

እና አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተቀበሉ፤ ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ሁሉ አይበርም። ሞተር ይታመማል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ንፋስ ይነሳል። ለአንድ አውሮፕላን ብቻ ብላችሁ አትሂዱ።

ንፋሱ ነው የማታውን ትርኢት ምረጡ ያልኩበት ምክንያት። ከአንደኛው ጦርነት በፊት የተሠሩት፣ እነ ብሌሪዮ፣ እነ ዴፐርዱሳን፣ እነ ብላክበርን፣ ንፋስ ባለበት አይነሱም። ብሌሪዮው በ1909 የተሠራ ነው፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝን ቻናል ያቋረጠው አውሮፕላን ዓይነት። ሞተሩ 25 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ከሞተር ብስክሌት ያነሰ። ለመታጠፍ ክንፉ ራሱ በሽቦ እየተሳበ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ጠብቁ። ስፒትፋየሩ ሲያርፍ ሰዉ ወንበሩን እያጠፈ ይወጣል፣ እናንተ ቁጭ በሉ። ንፋስ ማሳያውን ጨርቅ እዩት። መጀመሪያ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይዝላል፣ ከዚያ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል። ያኔ ሃንጋሩ በር ላይ ሰዎች ክንፍ ይዘው ሲገፉ ታያላችሁ።

ብሌሪዮው ከመሬት ብዙ አይርቅም። ሞተሩ ይንተከተካል፣ አውሮፕላኑ ሣሩን ለቆ የሰው ቁመት ያህል ከፍ ይላል፣ ቀጥ ብሎ ሜዳውን ያቋርጥና ይቀመጣል። ያ ነው በረራው። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። የቀረነው ጥቂት ሰዎች ማንም አላወራም፤ ከወዲያኛው ጫፍ ሰዎቹ ሮጠው ክንፉን ይዘው በእጃቸው እያዞሩ ሲመልሱት ሽቦዎቹ ላይ የመጨረሻዋ ፀሐይ ነበረች።