በጌም ውስጥ ከ«ሲ» ወደ «ኤስ» ደረጃ እንዴት መውጣት ይቻላል?

ብዙ አክሽን ጌሞች ማሸነፋችሁ ብቻ አይበቃቸውም። እንዴት እንዳሸነፋችሁም ያያሉ፤ ሚሽኑ ሲያልቅ ደግሞ በፊደል ውጤት ይሰጣሉ። «ዲ» ደካማ ነው፣ «ኤ» ጎበዝ ነው፣ ከ«ኤ» በላይ ደግሞ «ኤስ» አለ። ብዙ ሰው እዚያ ለመድረስ ፈጣን ጣት ይበቃል ይላል። እኔ ግን ግማሹ ሥራ ማንበብ ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የውጤት ገጹን ቶሎ አትዝለሉት። የፈጀባችሁ ጊዜ፣ የደረሰባችሁ ጉዳት፣ የኮምቦ (ሳይቋረጡ የተከታተሉ ምቶች) ነጥብና የተጠቀማችሁት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በየመስመሩ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ከሁሉ ዝቅ ያለውን ያዙና በሚቀጥለው ዙር እሱን ብቻ አስተካክሉ። ሁሉን ባንዴ ላሻሽል ያለ ሰው ደህና የነበረውንም ያበላሻል።

ቀጥሎ ጌሙ ምን እንደሚፈልግ ለዩ፤ መስፈርቱ ከጌም ጌም ይለያያል። በ2009 የወጣው ባዮኔታ እያንዳንዱን ፍልሚያ በኮምቦ፣ በጊዜና በጉዳት ይመዝናል። ከፍተኛውን ሜዳሊያ፣ ፑር ፕላቲነምን የሚፈልግ ሰው አንዴም መመታት የለበትም። ኦሱ በተባለው የሪትም ጌም ደግሞ አንድ ምት ካመለጣችሁ፣ የቀረው የቱንም ያህል ቢያምር ኤስ የለም።

ብዙዎች የሚንገዳገዱት ስታይል ላይ ነው፤ ማለትም ምቶቹን እያፈራረቃችሁ አሳምራችሁ መዋጋታችሁን የሚለካው ነጥብ ላይ። ይህን ዓይነቱን ነጥብ አሰጣጥ በሰፊው ያስተዋወቀው በ2001 የወጣው ዴቪል ሜይ ክራይ ነው። በዚህ ተከታታይ ጌም አንዱን ምት ስትደጋግሙት የሚያስገኘው ነጥብ እየቀነሰ ይሄዳል። ከተመታችሁማ የስታይል ደረጃው ይወርዳል። መፍትሔው መቀያየር ነው፦ በሰይፍ ጀምሩ፣ ጠላትን ወደ አየር አንሱት፣ በሽጉጥ እዚያው አቆዩት፣ ከዚያ መሣሪያ ቀይሩ። ረጅም ኮምቦ መሸምደድ አያስፈልግም። የተለያዩ ሦስት አራት አጫጭር ምቶችን እያፈራረቁ መጠቀም ይበቃል። በሦስተኛው ክፍል ጠላት ላይ ማላገጥም ስታይል ይጨምራል። ጥጋብ የሚያሸልምበት ቦታ ብዙ የለም፤ ተጠቀሙበት።

መድኃኒትና የትንሣኤ ዕቃ ላይ ቁጥብ ሁኑ፤ ብዙ ጌሞች በእነሱ ምክንያት ነጥብ ይቀንሳሉ። ክፉኛ ከተመታችሁ ከቼክፖይንት (ጌሙ መሀል ላይ ከያዘላችሁ መነሻ ቦታ) መጀመር ይሻላል። ግን እንደገና መጀመሩ ራሱ የሚቆጠርበት ጌም ስላለ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ልምምዱን አጭር አድርጉት። ሙሉውን ሚሽን ከመደጋገም ይልቅ የሚያስቸግራችሁን አንድ ጠላት ብቻ ለዩና ከመምታቱ በፊት የሚያሳየውን እንቅስቃሴ ተከታተሉ። ጌሙ ማለማመጃ ክፍል ካለው ደግሞ እሰየው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቱ ግን ስለ ደረጃው ባትጨነቁ ጥሩ ነው። በጅምሩ ላይ ጥሩ ጥሩዎቹ ምቶችና መሣሪያዎች ገና አልተከፈቱም። ታሪኩን ጨርሱ፣ ችሎታዎቹን ግዙ፣ ከዚያ ከሚሽን መምረጫው ወደ መጀመሪያዎቹ ተመለሱ። ያኔ ኤስ ማግኘት በጣም ይቀላል።