ነጠላዬን የዋጠው የእንቁጣጣሽ ዳራ፦ ችግሩን የፈታሁበት መንገድ

ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በነበረን የዙም ስብሰባ ላይ ነጭ ነጠላ ለብሼ፣ በዙም ምናባዊ ዳራ (ከጀርባችን ያለውን በምስል በሚተካው አማራጭ) የአደይ አበባ መስክ የሚያሳይ ምስል አድርጌ ስገባ ትከሻዬ በአበባው ተውጦ የነጠላው ጥለት ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፎ ታየ። ሌላ አገር ላሉ ባልደረቦቼ በዓላችንን በወጉ ላሳያቸው ጓጉቼ ስለነበር በጣም አዘንሁ።

ምስሉ ላይ የጻፍሁት «እንኳን አደረሳችሁ» ደግሞ ለእኔ ተገልብጦ ይታየኝ ነበር፤ ዙም እንደ መስታወት የሚያሳየው ግን ለራሳችን ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ በትክክል ያነቡታል፤ ምስሉን መገልበጥ አያስፈልግም።

ጊዜ የወሰደው የነጠላው ጉዳይ ነው። ሰውን ከጀርባው ለመለየት ከኋላ የሚሰቀል አረንጓዴ መጋረጃ በሌለበት ፕሮግራሙ ሰውን ከጀርባው የሚለየው በግምት በመሆኑ፣ ነጩን ነጠላ ከነጩ ግድግዳዬ መለየት አቅቶታል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰማያዊ አንሶላ ወጥሬ፣ ወንበሬን ከግድግዳው አራቅሁ፤ ከኋላዬ የነበረውንም መብራት ወደ ፊቴ አዞርሁ። ለዳራው ከስልኬ የወሰድሁትን ቁመታም ፎቶ ላይና ታቹ እንዳይቆረጥ በ1920 በ1080 ፒክስል አግድም አዘጋጀሁት።

መስከረም 2 ቀን በነበረን ስብሰባ የጥለቱ ጫፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየ።