የሠርግ ሌንስ ይዞ አገር ማየት፦ ለውጭ ጉዞ ሌንስ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ በካሜራ የሚተዳደር ሰው ዋና ገቢው ሠርግ ነው፤ ሌንሱንም የገዛው ለሠርግ ነው። ያው ሰው ታዲያ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ሊሳለም ወይም ዱባይ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ ትኬት ሲቆርጥ፣ ቦርሳውን የሚያሰናዳው ሙሽሮችን ይዞ ጎሃ ኮረብታ ላይ እንደሚወጣ አድርጎ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ምንጫቸው ይኸው ነው።

70-200ን ሳይጠይቁ ቦርሳ ውስጥ መክተት

ቢነገር ቢነገር የማይሰማው ይሄ ነው። 70-200 ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሄድ ዙም ሌንስ ነው፤ ሚሊሜትሩ ሲያድግ ሩቁ ይቀርባል፣ ሲያንስ ሰፊው ይገባል። «ሩቅ ነገር ቢያጋጥመኝስ?» ይባላል። ያጋጥማል፤ በቀን ሁለት ጊዜ። ሌንሱ ግን ቀኑን ሙሉ ትከሻ ላይ ነው።

70-200 ኤፍ 2.8 ሠርግ ላይ ንጉሥ የሆነው በምክንያት ነው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን ይበዛል)። ሙሽራዋ ቁሚ ያሏት ቦታ ትቆማለች፣ ፎቶ አንሺው እንዳሻው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከጀርባዋ ያለው ዛፍ ይደበዝዛል። ጥምቀት ላይም ዋጋውን ይመልሳል፤ ሰዉ የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር አንዱ ዳር ላይ አፍኖ ሲይዛችሁ፣ ከውሃው ማዶ ያሉትን ካህናት የሚያቀርብላችሁ እሱ ብቻ ነው። የኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ መተላለፊያ ግን ወደ ኋላ መሄጃ የለውም። በ70 ሚሊሜትር ስትጀምሩ ፍሬሙን የሚሞላው ከፊታችሁ የሚሄደው ሰው ጀርባ ነው።

ክብደቱን በቁጥር እንየው። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከነባትሪው 890 ግራም፣ 24-70 ኤፍ 2.8 ማርክ 2 805፣ 70-200 ኤፍ 2.8 ማርክ 2 1,490፣ 16-35 ኤፍ 4 615፣ ትልቁ ፍላሽ ያለ ባትሪ 425። ድምሩ 4,225 ግራም ነው። ባዶው የካሜራ ቦርሳ 1.8 ኪሎ፣ ላፕቶፑም 1.8 ኪሎ ቢሆን 7.8 ደረስን፤ ቻርጀሩና ሀርድ ዲስኩ ገና አልተቆጠሩም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። «ይመዘን» ሲባል የሚሆነው ይታወቃል፦ ከባዱ ሌንስ በሹራብ ተጠቅልሎ ወደሚጫነው ሻንጣ ይገባል። ሻንጣ ደግሞ ይወረወራል። መስታወቱ ባይሰበር እንኳ ውስጡ ያለው አንድ ክፍል ከመሃል ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የምታነሱት ፎቶ ግራው ጠርቶ ቀኙ የደበዘዘ ይሆናል፤ ፎከስ ብታስተካክሉም አይድንም።

ሩቅ ማንሻ የግድ ካስፈለገ የዚያው ሌንስ ኤፍ 4 አለ፤ 760 ግራም ነው፣ የትልቁ ግማሽ። ክሮፕ ካሜራ፣ ማለትም ፎቶውን የሚቀበለው ሴንሰሩ ከትልቁ ከፉል ፍሬም ያነሰ ካሜራ፣ ለያዘ ደግሞ 55-250 ኤስቲኤም አለ፤ 375 ግራም ብቻ ይመዝናል። ጉዞ ላይ ሩቅ የሚነሳው በአብዛኛው በቀን ብርሃን ስለሆነ ኤፍ 2.8 አይናፍቅም።

አሁንም ላልተዋጠለት ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ቅዳሜ አንድ ዙም ብቻ ይዛችሁ ውጡ፤ ከፒያሳ ተነስታችሁ ፋሲል ግቢ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ መጨረሻ ቅዳሜ ገበያ። «ያኛው ሌንስ በኖረኝ» ባላችሁ ቁጥር ስልካችሁ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ማታ ቁጠሩት። አምስት ካልሞላ ያኛው ሌንስ ቤት ይቀራል። ከዚህ በፊት ላሊበላ ወይም ስሜን ሄዳችሁ ከነበረም የዚያን ጊዜ ፎቶዎች በምን ሚሊሜትር እንደተነሱ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ውስጥ ለዩ። የሠርጉን ፋይል አትንኩት፤ እሱ ያሳስታችኋል።

ክሮፕ ካሜራ ላይ 24-70 ይዞ «ዋይድ አለኝ» ማለት

የለም። ዋይድ ማለት ሰፊ የሚያነሳ ሌንስ ነው፤ ካኖን ክሮፕ ላይ ግን 24-70 የሚያየው ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 38-112 ሆኖ ነው። ለሙሽራ ፊት ግሩም ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ውስጥና ለጠባብ መንገድ ግን ግድግዳ ይዞ መሄድ ነው።

በግምት ከመከራከር አንድ ስሌት ያዙ፦ ርቀቱን በሴንሰሩ ስፋት አባዙ፣ በሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ፤ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባውን ስፋት ታገኛላችሁ። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋቱ 36 ሚሊሜትር ነው፤ የካኖን ክሮፕ 22.3 ገደማ። አክስታችሁ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ከቆማችሁበት 3 ሜትር ይርቃል እንበል። ክሮፕ ላይ በ50 ሚሊሜትር የሚገባው 1.34 ሜትር ነው፤ አክስታችሁና ቡናው ብቻ። በ24 ሚሊሜትር 2.8 ሜትር፣ በ18 3.7 ሜትር፣ በ10 ደግሞ 6.7 ሜትር ይገባል፤ ጎረቤቱ ሁሉ።

ለሕንፃም ይሠራል። የፋሲል ግንብ እስከ ማማው 32 ሜትር ገደማ ነው። ካሜራውን በቁመቱ ይዛችሁ በፉል ፍሬምና በ24 ሚሊሜትር ስታሰሉት 21 ሜትር ይመጣል፤ ግን ይህ ዓይናችሁ ከግንቡ ወገብ እኩል ቢሆን ነው። መሬት ላይ ቆማችሁ ካሜራውን ቀና ካደረጋችሁት ግንቡ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ቀጥ ካደረጋችሁት የታችኛው ግማሽ ፍሬም ሣር ይሆናል። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ፣ ወደ 43 ሜትር ይሆናል። ፋሲል ግቢ ይህን ያህል ማፈግፈጊያ አለው፤ የአውሮፓ አሮጌ ከተማ ውስጥ ግን ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ጀርባችሁን ይይዛችኋል።

ክሮፕ ለያዘ መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ወይ 10-18 ኤስቲኤም፣ 240 ግራም፤ ወይ ከካሜራው ጋር መጥቶ መሳቢያ ውስጥ የተጣለው፣ ሁሉም የሚንቀው 18-55። በነገራችን ላይ የአብዛኛው ስልክ ዋና ካሜራ ከ24 እስከ 28 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ስልካችሁ ላይ ሁለተኛ ዋይድ ካለ፣ ለማስታወሻ ያህል ለሚነሳ ሰፊ ፎቶ ሌላ ሌንስ መሸከም ላያስፈልግ ይችላል።

የጨለማ ሌንስ መርሳት

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ የጣሪያውን የመላእክት ፊት ያለ ፍላሽ ለማንሳት የሞከረ ይህን ያውቀዋል። ውጭ አገርም ብዙ ቤተ መዘክሮችና ቤተ ክርስቲያኖች ፍላሽም ትራይፖድም ይከለክላሉ። 18-55 ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው። ኤፍ 1.8 ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፤ አንዱ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲበዛ ፎቶው ይሻክራል) 6400 ሲለምን ሌላው በ640 ይጨርሰዋል። ሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ይይዛል እንጂ የሚሳለመውን ሰው አያቆመውም። ለፉል ፍሬም 50 ኤፍ 1.8፣ 160 ግራም፣ ይበቃል። ክሮፕ ላይ ግን 50 በጣም ይጠባል፤ ለኒኮን 35 ኤፍ 1.8፣ ለካኖን 24 ኤፍ 2.8 ይሻላል።

«እቱ፣ አንድ 50 ሚሊሜትር ግዢልኝ»

እህት ውጭ አለች፣ ብሯን አውጥታ ትገዛለች፣ ሌንሱ ካሜራው ላይ አይሠራም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ኒኮን 50 ኤፍ 1.8 ዲ ርካሽ ስለሆነ ይገዛል፤ የዲ3000 እና የዲ5000 ቤተሰብ ካሜራዎች ውስጣቸው ሞተር ስለሌለ ፎከሱን በእጅ ማዞር ይመጣል። መገዛት የነበረበት ጂ የሚለው ነው። ኤኤፍ-ፒ የተጻፈበት ደግሞ ዲ3100፣ ዲ3200፣ ዲ5100 እና ዲ7000 ላይ ጭራሽ ፎከስ አያደርግም። ለክሮፕ የተሠራው የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ፉል ፍሬሙ 5ዲ ወይም 6ዲ ላይ አይገባም፤ ኢኤፍ ሌንስ የካኖን አር (መስታወት አልባ) ካሜራ ላይ ያለ አዳፕተር አይሠካም። ስለዚህ «50» ብላችሁ አትላኩ፤ የሌንሱን ሙሉ ስም ፎቶ አንስታችሁ፣ ከካሜራችሁ ስም ጋር ላኩላት። እናንተው ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነም ካሜራውን ይዛችሁ ግቡ፤ ሱቁ ውስጥ ሠክታችሁ፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አንድ ጽሑፍ አንሱና አጉልታችሁ እዩት።

መንገድ ላይ ሌንስ መቀያየር። አቧራ ይገባል። ከመሄዳችሁ በፊት በኤፍ 16 ባዶ ሰማይ አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ሴንሰሩን አሁኑኑ አስጠርጉ።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ፣ ሌንስ ፊት የሚገጠም ማጣሪያ)። ከ24 በታች ባለ ዋይድ ላይ የሰማዩን አንድ ጥግ ያጠቁራል፤ ማታ አውልቁት፣ ብርሃን ይበላል።

ጉሙን አለማወቅ

የጎንደር አየር በዚህ አይፈትንም፤ ስለዚህ ሰው አያስበውም። ዱባይ በበጋቸው ክፍሉ በኤሲ ይቀዘቅዛል፣ ውጭው ሞቃትና እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ ሌንስ ይዛችሁ ስትወጡ ፊቱም ኋላውም ላብ ያወጣል። ብትወለውሉት ወዲያው ይመለሳል፤ በዚያ ሰዓት ሌንሱን ብትነቅሉ እርጥበቱ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ቦርሳውን እንደተዘጋ ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ በረንዳ ላይ አኑሩት፣ ጥላ ውስጥ። በአውሮፓ ክረምት ነገሩ ይገለበጣል፤ ከብርዱ ወደ ሞቀው ቤት ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ዝጉና ሳትከፍቱ እስኪሞቅ ተዉት። ሜሞሪ ካርዱን ግን ውጭ ሳላችሁ አውጡት፤ ያለዚያ ፎቶውን ለማየት ስትሉ ከረጢቱን በአምስት ደቂቃ ትፈቱታላችሁ።