«መኪናህ ሪኮል አለበት» ከተባላችሁ

የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ደጃፌ ላይ የሚቆመው ኤሌክትሪክ በዝቷል። «ሪኮል አለበት» የሚለው ወሬም አብሮት በዝቷል፤ ሪኮል ማለት አምራቹ ጉድለት ያገኘባቸውን መኪናዎች ሊያስተካክል መልሶ ሲጠራ ነው። 12 ቮልቷን ባትሪ መለካት፣ ሶኬት ቀይሮ መሞከር፣ አጥፍቶ ማስነሳት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ምልክት፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ እግራችሁን ከፔዳሉ ብታነሱም መኪናው ራሱን አይዝም።

ባትሪው ጤነኛ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ራሱን የሚይዘው ኮረንቲ ወደ ባትሪው እየመለሰ ነው፤ ደሴ ላይ 100 በመቶ ሞልታችሁ ስለወጣችሁ ቁልቁለቱ የሚያመነጨው ኮረንቲ መግቢያ አጥቷል። ባትሪውን 80 በመቶ ብቻ ሞልታችሁ ከደሴ ውረዱ።

ምልክት፦ ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የቻርጅ ጣሪያውን እዩ። ብዙ ጊዜ የልጅ ጣት ነው። መኪናው ሸቭሮሌት ቦልት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ለባትሪው ሪኮል የተጫነበት ሶፍትዌር 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪነዳ ድረስ ሆን ብሎ 80 ላይ ያቆመዋል። «ክፈቱልኝ» ብላችሁ አትምጡብኝ።

ምልክት፦ ምንም የለም። መኪናው ደህና ነው፣ ባለቤቱ ግን እንቅልፍ አጥቷል።

በየቀኑ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ሰውዬው ቴሌግራም ላይ መኪና ሲቃጠል ያያል፣ ደላላው ደግሞ ዋጋ ለመስበር ያራግባል። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ከደሴ በጠዋት ወረዱ። «ልጄ፣ መኪናው ሳያቃጥለኝ ደላላው ሊያቃጥለኝ ነው» አሉኝ። በግማሽ ዋጋ ሊወስድባቸው ነበር።

መንስኤው፣ ሪኮል በሞዴል ስም የሚወጣ ስለሚመስላቸው ነው። የሚወጣው በቻንሲ ቁጥርና በተመረተበት ጊዜ ነው። ቢዋይዲ በኦክቶበር 2025 ዩዋን ፕሮን ሲጠራ የጠራው 71,248 መኪና ነው። እነሱም ከፌብሩዋሪ 2021 እስከ ኦገስት 2022 የተመረቱት ብቻ ናቸው፣ ችግሩም የባትሪው ማሸጊያ አገጣጠም ነበር። ሃዩንዳይ ኮናም በ2021 ሲጠራ 76,000 ገደማ መኪና ነበር እንጂ ኮና የተባለ ሁሉ አይደለም።

መፍትሄው፦ ቻንሲ ቁጥሩን ከፊት መስታወቱ ሥር ራሳችሁ አንብቡ። ከወረቀት አትገልብጡ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉ የላቲን ፊደላት በጭራሽ አይገቡበትም። የእኚያ አባት ልጅ ዜሮውን ኦ ብሎ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ፈልጓል። «አልተገኘም» ሲለው «ነጻ ነን» ብሎ ነገራቸው፤ በማግስቱ ደላላው መጥቶ «የለም፣ አለበት» አላቸው። ሁለቱም ቁጥሩን በትክክል አላዩም። እንዲህ ያለ ስህተት ስንት ጊዜ እንዳረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀጥሎ የተመረተበትን ወር በሩ ምሰሶ ላይ ካለው የአምራቹ መለያ ፈልጉ። ሻጩ የነገራችሁን ዓመት አትመኑ። አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዱ በፈረንጅ ያወራል። ከቻንሲው ቁጥር አሥረኛዋ ፊደልም ትረዳለች፤ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023 ናት።

ከዚያ የት እንደምትፈልጉ እወቁ። ቁጥሩ በኤል ከጀመረ መኪናው ቻይና ሠራሽ ነው። አንድ ወጣት የቮልስዋገን አይዲ ፎር ክሮዝ መኪናውን ቁጥር የአሜሪካ የሪኮል መፈለጊያ ላይ አስገብቶ «ሪኮል የለውም» ሲባል በደስታ ደወለልኝ። መፈለጊያው መኪናውን ጭራሽ አያውቀውም! ለቻይና ገበያ የተሠራውን በቻይና የሪኮል ማስታወቂያ ነው የምታመሳክሩት።

የአባትየው መኪና ቁጥሩ ሲታረም የተመረተበት ወር ከተጠሩት ውጭ ሆነ። ደላላውን እዚያው ቆመው ደውለው ሰደቡት።

የእናንተ ከተጠሩት ውስጥ ከሆነስ? ለአስመጪው ወይም ለአምራቹ ወኪል በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂ አስቀሩ። እስኪጠገን ድረስ አምራቹ ያለውን አድርጉ። ኮና እንደ አገሩ ከ80 ወይም ከ90 በመቶ በላይ፣ ቦልት ከ90 በመቶ በላይ አትሙሉ ነበር የተባሉት። ቦልት ደግሞ ውጭ ይቁም፣ ሌሊት ቤት ውስጥ ቻርጅ አይደረግ፣ የቀረው ጉዞም ከ113 ኪሎ ሜትር በታች አይውረድ ተብሎ ነበር። ደሴ ዳገት ላይ መኪና ማቆሚያው ከመኝታ ቤት ሥር የሆነ ቤት ሞልቷል። እባካችሁ አውጡት። ቻርጅ ስታደርጉም የገበያ ዲቫይደር አትጠቀሙ። የቀለጡትን ሰብስቤ አንድ ሳጥን ሞልቻለሁ። ዲቫይደር ሪኮል የለውም!

ምልክት፦ ድንጋይ ሆዱን ከመታው በኋላ የኢንሱሌሽን (ኮረንቲ እንዳያመልጥ የሚከልለው ሽፋን) ማስጠንቀቂያ በራ።

ይሄ የሪኮል ጉዳይ አይደለም፣ ግን ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራኛል። ቻርጅ አታድርጉት፣ አትንዱት፣ በሎቤድ አስጭኑት። ከሥሩ ጭስ ወይም «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ ከመጣ ሰው አርቁና እሳት አደጋ ጥሩ። ጠፋ ከተባለ በኋላም ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ከቤት ራቅ ብሎ ይቁም። የባትሪውን ክዳን እከፍታለሁ የሚል ጎረምሳ ከመጣላችሁ ደግሞ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ እንዳለ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ኮረንቲ የማያስተላልፍ ጓንቱንም ያሳያችሁ።